የግሪንላንድ በረዶና የአባቴ ቱታ

ዴንቨር ውስጥ ከግሪንላንድ የሚመጣ በረዶ በሚመረመርበት ላብራቶሪ እሠራለሁ። ሥራዬን ለሰው ስናገረው ያስቃል፤ በረዶ አጸዳለሁ። ሰው የነካውን ላይኛውን ክፍል ፍቄ እጥልና ያልተነካውን መካከሉን ለምርመራ አቀርባለሁ። የምንፈልገው እርሳስ የሚባለውን ብረት ነው። ድሮ ቤንዚን ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ከመኪና ጭስ ጋር ወጥቶ፣ በነፋስ ተጉዞ፣ መኪና ቀርቶ ዛፍ በሌለበት ምድር ከበረዶው ጋር ወረደ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ፣ ማደያ ቆሜ ቤንዚን ስሞላ፣ አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ማሽኑ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ ቀበቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጎልማሳ ነው፤ ጫማውን የሚያስሩለት ግን አባቴ ናቸው።

"እርሳስ የለበትም ማለት ነው" አልኳቸው።

"የኛስ ነበረው?"

አባቴ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤንዚን ቀጂ ነበሩ። በጎማ ቱቦ በአፋቸው ይስቡታል፣ የእጃቸውን ግራሶ ይታጠቡበታል። ማታ ሲገቡ ያኔ ሕፃን የነበረው ወንድሜ ደረታቸው ላይ ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቱታቸውን እንኳ ለማውለቅ ፋታ አይሰጣቸውም። እንዴት ደስ ይላቸው ነበር!

መዋሸት ነበረብኝ። አፌ ቀደመኝና "ነበረው" አልኩ። "ግሪንላንድ ድረስ ሄዷል። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ቴስት የማደርገው እሱን ነው።"

"ልጅ ይጎዳል?"

የልጅ አእምሮ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ቱቦውን ነቅዬ ማሽኑ ላይ ሰቀልኩ።

"እዚያ ድረስ የሄደ፣ እኛ ቤት ሳይገባ ቀረ?"

"አባዬ፣ የአንድ ልጅ ሕመም ከምን እንደመጣ ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም።"

እውነቴን ነው። የዓለምን ጭስ በረዶ ውስጥ ፈልገን እናገኛለን፤ የወንድሜን ሕመም መነሻ ግን የሚነግረን የለም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሜ ሕፃን ሳለ፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣ እንዳለች ከአልጋ ወድቆ ነበር። ቤታችን ውስጥ ለሕመሙ ሌላ ምክንያት ተነስቶ አያውቅም። አባቴ በተናደዱ ቁጥር ያነሱባት ነበር፤ እሷም አንገቷን ትደፋ ነበር። መልስ ሰጥታ አታውቅም።

መኪና ውስጥ ስገባ አባቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩ ነበር።

"እናታችሁ ልትሞት ስትል፣ 'ልጁን አበላሸሁብህ፣ ይቅር በለኝ' አለችኝ" አሉ።

"እርስዎስ ምን አሏት?"

"ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት።"