ጋሽ ሰዒድ ያስነሡት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ልጄ የላፕቶፑን ዊንዶውስ በስህተት አጠፋው፤ ጓደኛው በፍላሽ ይዞለት የመጣውን ጭኖ ለመመለስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም፣ የሚሠራውም እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ከአጠገቡ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ናዝሬት ውስጥ አንድ የመንግሥት እርሻ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ስቀጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አንዲት ኮምፒውተር አቧራ እንዳይነካት ጫማችንን አውልቀን ነበር ክፍሏ የምንገባው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ብቸኛው ቬንትሌተር እሷ ክፍል ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ ሰበብ እየፈለጉ በካልሲ ሲንጎራደዱበት ይውሉ ነበር። ኃላፊዋ ጋሽ ሰዒድ የሚባሉ ከወሎ የመጡ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ከጎኔ ቆመው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ አርብ ጋሽ ሰዒድ አዲስ ዲስክ እንዳዘጋጅላቸው ነግረውኝ ለጁምዓ ሶላት ወጡ። ትእዛዙን ስጽፍ አንዲት ፊደል ስቼ፣ በአዲሱ ዲስክ ፈንታ የማሽኗን የራሷን ሆድ እንድታጸዳ አዘዝኳት፤ ማሽኗም በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ጽፋ እሺ ወይስ እምቢ ስትል ጠየቀችኝ። ከቀበሌ ስብሰባ እስከ ትምህርት ቤት ሰልፍ፣ "የሚቃወም አለ?" ሲባል እጁን ያወጣ ሰው አይቼ ስለማላውቅ እምቢ የሚለው ለጌጥ የተጻፈ ነበር የመሰለኝ። እሺ አልኩ። ጋሽ ሰዒድ ሲመለሱ ማሽኗ ባዶዋን ቀርታ ነበር፤ ያደረግኩትን ከጥግ ሆኜ ነገርኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ፣ ሰው አልሞተ" አሉኝ። በማግስቱ በአውቶቡስ መተሐራ ወርደው፣ እንደኛው ዓይነት ማሽን ካለበት መሥሪያ ቤት ሲስተሙን በዲስክ ገልብጠው፣ ከመንገዱ አቧራ እንዲተርፍ በላስቲክ ጠቅልለው አመጡት። ሰኞ ረፋድ ላይ ኮምፒውተሯ ነቃች፤ ሁላችንም በካልሲያችን ቆመን አጨበጨብን።

ደስታችን ከማክሰኞ አላለፈም። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ማን ነው ያጠፋው አለ። እኔ ወንበሬ ላይ ዝቅ አልኩ። ጋሽ ሰዒድ ወደ እኔ እንኳ ሳያዩ ብድግ ብለው "የሳተው የኔ እጅ ነው" አሉ፤ ከዚያው ከስብሰባው ወሰዷቸው። ከስምንት ወር በኋላ ሲፈቱ ሳንባቸው ታሞ ነበር፣ ብዙም አልቆዩም። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ ባለቤታቸውን እትዬ ዘሀራን ባየሁ ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ ኖርኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም የልጅ እናት ከሆንኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ስኳርና ቡና ይዤ እትዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩና ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። አልደነገጡም።

"የዚያኑ አርብ ነግሮኛል" አሉኝ። "እስር ቤት ስንቅ ባደረስኩለት ቁጥር፣ 'ያቺ ልጅ መጥታ ጠየቀችሽ ወይ?' ይለኝ ነበር። እንዳይከፋው ብዬ፣ መጥታለች እለዋለሁ።"

ያኔ ከምኖርበት ከእናቴ ቤት እስከ እትዬ ዘሀራ በር አምስት ደቂቃ አያስኬድም ነበር።