የምዕራቡ ነፋስ ሲቆም

የኢንዶኔዥያ የወደብ ከተማ በሆነችው ማካሳር ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ እጠርጋለሁ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ገባች፤ ስሟን መጠየቅ አፍሬ ቀረሁ። ከዓመታት በፊት በባሕር ሄዶ የቀረ መርከበኛ ባሏን ቢጫ የሆኑ ደብዳቤዎች በብስኩት ቆርቆሮ፣ ከኮምፒውተሯ ጋር ይዛ ነበር። ባሶ፣ ባለሙያችን፣ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ለጥያቄ ከደብዳቤዎቹ ብቻ የሚመልስ ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ ጫነላት።

"ኢንተርኔቱን ነቅለኸዋል? ለወሬ ጎረቤቶቼ ይበቁኛል።"

"ነቅያለሁ እማማ፤ ወሬው ከዚህ ሳጥን አይወጣም።"

የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች "መቼ እመለሳለሁ አለ?" ብለህ ጠይቅልኝ አለችው። ባሶ መልሱን አነበበላት።

"የምዕራቡ ነፋስ ሲቆም፣ ይላል። አሥራ አንድ ደብዳቤ ላይ ጽፎታል።"

"የመጨረሻው የቱ ነው?"

"ቀን አልጻፈባቸውም።"

"ድሮም እንዲሁ ነው!" ብላ ሳቀች።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

"የዛሬው ነፋስ ከየት ነው ልጄ?"

"ከምዕራብ መሰለኝ" አልኳት።

"እንግዲያማ አልዘገየም" አለች።