የመጨረሻው ወንበር

ከሞጣ ቢቸና የምትሄደው ቅጥቅጥ ከመነሳቷ በፊት ሽማግሌው የኮሌጅ መምህር አንድ ጊዜ ይዞሯታል። ጎማዋን በእግራቸው ነካ ነካ ያደርጋሉ፤ ጎንበስ ብለው ሆዷን ያያሉ። ሾፌሩ «ዶክተር፣ ይቺ እንኳ አትበርም!» እያለ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኤክስቴንሽን ተማሪዎች ሂሳብ ሊያስተምሩ ሲሄዱ የሚለብሱት ያንኑ የነተበ የቆዳ ጃኬት ነው፤ ደረቱ ላይ የነበረው የክንፍ ምልክት ተነቅሎ ክሩ ቀርቷል።

ጨርቅ ነጋዴዋን ራዲያን የሚገርማት ግን ሌላ ነው። ጋቢና ቢለቁላቸው እንኳ እምቢ ብለው፣ አቧራ በሚያፍነው የመጨረሻ ወንበር ጀርባቸውን አስደግፈው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሏት ከፊታቸው ካለው ወንበር ዞራ ጠየቀቻቸው።

«የጦር አውሮፕላን ሳበር ኋላዬን የሚጠብቅልኝ ጓደኛ ነበረኝ» አሉ። «እሱን አምኜ አንድም ቀን ዞሬ አላየሁም።»

«በጦርነቱ ሞቱ?»

«ኧረ ደህና ነው! መንግሥት ሲለወጥ ሁለታችንም ተያዝን፤ በሐሰት መሰከረብኝና እሱ ተለቀቀ፤ እኔ ስድስት ዓመት ታሰርሁ።»

ራዲያ አንጀቷን ስለበሏት ጥቅልሏን አንስታ አጠገባቸው ልትቀመጥ መጣች። መምህሩ ቦርሳቸውን በመካከል አደረጉ።

«ከፊቴ ሁኚ፣ ልጄ» አሏት፤ «ልይሽ።»