ሻለቃ ነበልባልን ማን ሰየመው

አይዚዶር ፍላክስ ኩዊንስ ውስጥ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሳህኑ በሚንጫጫበት ቤት፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጡንቻ ሲስል የኖረ ሰው ነው። የገዛ ክንዱ ግን ከመጥረጊያ እንጨት አይወፍርም። ኒውዮርክ ውስጥ በሥዕል የሚተረክ የጀግና መጽሔት የሚያሳትሙ ሁሉ ያውቁታል፤ አንዳቸውም ምሳ ጋብዘውት አያውቁም።

ባለቢጫ ካባውን ሻለቃ ነበልባልን በወጣትነቱ የፈጠረው እሱ ነው። ያሳተመለት ድርጅት ከሰረና ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማውራት ራሱ ያቅለሸልሻል። ሃልሲ የተባለው አሳታሚ ስሙ ባለቤት አጥቶ መቅረቱን ሲሰማ ብድግ አድርጎ በንግድ ምልክትነት በራሱ አስመዘገበው፤ አረንጓዴ ሱሪ ለታጠቀ ሌላ ጀግናም ሰጠው። ባላንጣው ትራንተር ደግሞ ባለቢጫ ካባውን ገዛ። አንዱ ስሙን ያለ ሰውዬው፣ ሌላው ሰውዬውን ያለ ስም ይዘው ተፋጠጡ። ትራንተር በመጽሔቱ ውስጥ እንዳሻው "ሻለቃ ነበልባል" ቢል የሚናገረው የለም፤ ሽፋኑ ላይ ካሰፈረው ግን ክስ ነው። ሃልሲም ያልተሠራበት ስም ስለሚወሰድ፣ እንዳያመልጠው በየጊዜው አንድ የማይረባ መጽሔት ያወጣል። ማንም አይገዛውም፤ እንዲገዛም ታስቦ አይደለም። ወንበር ላይ ኮት ጥሎ ቦታ እንደመያዝ ነው። ያንን ጉድ የሚስለው ታዲያ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አይዚዶር! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ አጥሩን ነቅለው ሲያበቁ ባለቤቱን ዘበኛ አድርገው ቀጠሩት።

አንድ ክረምት ትራንተር ባለቢጫ ካባውን ከመቃብር ሊያስነሳው ፈለገና ሽፋኑን እንዲስል አይዚዶርን ጠራው። ሽማግሌው በደስታ ሳለው። በእሱ ዘመን ከሽፋኑ ግርጌ የጀግናውን ስም እየጠራ የሚጮህ ሕዝብ አይቀርም ነበርና፣ እጁ የለመደውን አደረገ፤ "ሻለቃ ነበልባል መጣልን!" የትራንተር አዘጋጅ ሮድኒ፣ ከጡንቻ ሌላ የማያይ ልጅ፣ ሳያነበው ወደ ማተሚያ ቤት ላከው።

"ኢዚ፣ ምን ነካህ? ሽፋን ላይ?" ብሎ ጮኸ ሮድኒ አይዚዶር ላይ፣ የሃልሲ ክስ ሲደርሰው።

"ታዲያ ሕዝቡ ምን ብሎ ይጩህ? 'እንትና መጣልን' ይበል?"

ሁለቱም ወገኖች አይዚዶርን ለምስክርነት ፈለጉት። ምስክርነቱን የፈለገች ግን ሌላም ሰው ነበረች። ሚስቱ ፐርል ሳንባዋ ታሞ ከአልጋ ከዋለች ከርማለች።

"በዕድሜያችን አንድ ቀን ሊጠይቁህ ነው" አለችው። "ንገራቸዋ! ሐውልት አልጠየቅሁም፤ አንዴ ብቻ ስሜ ይጻፍልኝ።"

"እነግራቸዋለሁ፣ ፐርሊ።"

በጠበቆቹ ቢሮ ጠረጴዛው ከአይዚዶር ቤት ይረዝማል። አንዲት ጸሐፊ የሚባለውን ሁሉ በታይፕ ትከትባለች።

"ሚስተር ፍላክስ፣ ስሙን ማን አወጣው?" አለ የሃልሲ ጠበቃ።

"ሚስቴ።"

"የየትኛው ድርጅት ሠራተኛ ነበረች?"

"የማንም። እራት እየሠራች ነበር። ጋዙ ድንገት ቦግ ብሎ ሲለበልባት 'ይሄ ሻለቃ ነበልባል ቅንድቤን ሊጨርሰው ነው!' አለች። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስም የሌለው ሰው ይዤ ተቀምጫለሁ። ወሰድኩት።"

"ከፈሏት?"

"ሚስቴ ናት እኮ፣ ሰውዬ!"

ጠበቆቹ ተያዩ። ስሙ የፐርል ከሆነ ከእሷ የገዛ ማንም የለም፤ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው ማለት ነው። እንደ ውሻ ሲናከሱ የከረሙት ሰዎች ለዕረፍት ብለው ተያይዘው ወጡ። አይዚዶር ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ በረንዳው ላይ እየተሳሳቁ ይጨባበጣሉ። ትራንተር የታተመውን ሊያቃጥል፣ ሃልሲ ክሱን ሊተው፣ ምስክርነቱም እንዳልተሰጠ ሊቆጠር ተስማምተዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ማን ያውቅ ነበር!

"እርስዎ እኮ ነዎት ያስታረቁን!" አለው የሃልሲ ጠበቃ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

"የተናገርኩትስ?"

"የቱን?"

ጸሐፊዋ ወረቀቷን አራት ቦታ ቀዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ቤቱ ሲገባ ፐርል ትራስ ደገፍ ብላ፣ ፀጉሯን አበጥራ ጠበቀችው።

"ጻፉት?"

አይዚዶር ኮቱን አወለቀ። "ጻፉት" አላት።

"ሙሉ ስሜን?"

"ከነአባትሽ።"

"ፊታቸውስ?"

"አመድ መሰለ።"

"እሰይ! ሌቦች!" ብላ ሳል እስኪያፍናት ሳቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "እስቲ አሳየኝ።"

"በፖስታ ይልኩታል" አላት።

በዚያው ሳምንት ሃልሲ ባለአረንጓዴ ሱሪውን እንዲስል ላከበት፤ ሳለለትም። ፐርልም እስከ ሞተችበት ጠዋት ድረስ፣ የፖስተኛው ኮቴ በተሰማ ቁጥር "ያ ወረቀት መጣ?" እያለች ትጠይቀው ነበር። እሱም "ትልልቅ ድርጅቶች ቀርፋፋ ናቸው፣ ፐርሊ" ይላት ነበር።