ባለቤቱ ለምን ሸጠው?

እኔና ጓደኛዬ አስጎብኚዎች ነበርን። እንግዳ ከላሊበላ ሲጠፋ እሱ ቀድሞኝ ነቃ። ሥራ ያቆመው ሆቴል ሁሉ እንግዳ መቀበያው ላይ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር አለው፤ "እየገዛን፣ እያደስን እንሽጥ" አለኝ። እኔ የካህን ልጅ ነኝ፤ ንግድ በዘሬ የለም። ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ከመሞቅ ይሻላል ብዬ ብቻ ገባሁበት። እሱ ይፈታታል፣ ከሞተው ነቅሎ የታመመውን ያስነሳል፤ እኔ ከሆቴሎቹ እየተከራከርኩ እገዛለሁ፣ መልሼ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ።

አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን በሯ ላይ "ያገለገሉ ኮምፒውተሮች እንገዛለን፣ እንሸጣለን" ብለን ጻፍን። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ጽሑፉን አንብበው መቋሚያቸውን ተደገፉና፣ "እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አገልግያለሁ፤ ስንት ትሉኛላችሁ?" አሉን። ጓደኛዬ ፈጠን ብሎ፣ "አባ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው መግዣ ከየት አምጥተን!" አላቸው። እየሳቁ ባርከውን ሄዱ። የመጀመሪያ ቀናችን ነበር።

የላስታ ሰው ኮምፒውተር የሚገዛው በቅሎ እንደሚገዛ ነው። ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ጥርስ እንደሚያይ ከፍቶ ቁልፎቹን ያያል። ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ከመጠየቁ በፊት ግን፣ "ባለቤቱ ለምን ሸጠው?" ይላል። ዕቃ ገድ አለዋ! ከከሰረ ሰው የተገዛ ያከስራል፣ ከተጣሉ ባልና ሚስት ቤት የወጣ ጠብ ይዞ ይገባል። ጓደኛዬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም። "ቪዛ ወጥቶለት ነው" ይላል። "ተሹሞ አዲስ ተሰጥቶት ነው" ይላል። ከከሰረ ሆቴል ያወጣነውን ኮምፒውተር በአንድ ቃል ባለ ሹመት ያደርገዋል። እኔ እቆጣለሁ፤ በውሸት የተገኘ እንጀራ አይባረክም እለዋለሁ። "አንተ እውነቱን ተናግረህ አንድ እንኳ ከሸጥክ እኔ እመነኩሳለሁ" እያለ ይስቅብኛል።

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ሱቁ በእግሩ ቆመ። ከዚያ እሱ ታመመ ሲባል ዐረፈ። ስለ ሞቱ ማውራት ዛሬም አልችልበትም፤ ስለ ላፕቶፑ ማውራት ይቀለኛል።

ከአርባው በኋላ ሚስቱ ጥቁር እንደለበሰች መጣች። የእሱን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላዋለች። "ሽጥልኝ። የልብስ ስፌት መኪና ልግዛበት" አለችኝ። "ስፌት ካለኝ እዚሁ ከተማ ሠርቼ እኖራለሁ። ካልሆነ ገነተ ማርያም፣ አባቴ ቤት መመለሴ ነው።" እዚያ ምን እንደሚጠብቃት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሳትጠየቅ ሌላ ባል ይፈለግላታል። ላፕቶፑ በእጃችን ካለፈው ሁሉ የተሻለው ነበር፤ እሱ ለራሱ መርጦ ያስቀረው ነው። "አይዞሽ፣ ገዢ እናፈላልግለታለን" አልኳት። መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ትንሽ ከተማ ክፉ ናት፤ ሁሉም ሰው ሁሉን ያውቃል። ክዳኑ ላይ እሱ የለጠፋትን የወፍ ሥዕል ያየ ሁሉ፣ "የእሱ አይደለም እንዴ?" ይልና ከንፈሩን መጥጦ እጁን ይሰበስባል። ወፏን ልልጣት ጀምሬ አንጀቴን በላችኝና ተውኳት። ተስፋችን ከሩቅ የሚመጣ ሰው ብቻ ሆነ።

መጣም። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የተመደበችላቸው አንድ ገበሬ ኮን ከሚባል አገር መጡ። የጓደኛዬ ሚስትም "ተገኘ ወይ?" ልትል ገብታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰውዬው ሌሎቹን ሁሉ አልፈው ያችኑ የእሱን ላፕቶፕ አነሱ፤ ገለበጧት፣ ከፈቷት፣ ስትበራ ፊታቸው አብሮ በራ።

"ኸረ ይችስ ደህና ናት! ልጂቱም ደስ ይላታል" አሉ። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች፦ "ለመሆኑ ባለቤቱ ምን ሆኖ ሸጣት፣ ልጄ?"

ጓደኛዬ ቢሆን "ሩቅ አገር ሄዶ ነው" ይል ነበር፤ ውሸትም ባልሆነ። እሷን አየኋት። እንድዋሽላት በዓይኗ ስትለምነኝ አየሁ። የእኔ ደረቅ አፍ ግን፣ "ዐርፏል፣ አባቴ" አለ።

ሰውዬው እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ ቀስ አድርገው አነሱ። "ነፍሱን ይማረው" አሉ። ጥቁር የለበሰችውን ሴት ያን ጊዜ ነው ያስተዋሏት። "እናንተም እግዜር ያጥናችሁ። አትቀየሙኝ፣ ልጂቱ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። የሙት ዕቃ አስይዤ መንገድ አላስጀምራትም።" ሌላም ሳያዩ ወጡ። አልፈርድባቸውም፤ አባት ናቸው።

ክፍሏ ጠበበችኝ። "እኔ እወስደዋለሁ፣ ለራሴ" አልኳት ቶሎ ብዬ።

ላፕቶፑን ወደ ነጠላዋ መለሰች። "ለራስህ ብትፈልገው ያመጣሁት ቀን ትወስደው ነበር" አለችኝ። ቁጣ የለባትም። ሰው የገባውን ነገር እንደሚናገር ነው የተናገረችው።

እውነት ተናገርኩ ብዬ ልጽናና ብል አልሆነልኝም። በሰው ገድ ስስቅ የኖርኩ ነኝ። የምሠራበት የራሴ ኮምፒውተር ደብዳቤ አጋምሶ የሚጠፋ አሮጌ ነው፤ የእሱ ላፕቶፕ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አልጻፍኩበትም። አቧራውን የምጠርገው በጨርቅ ጫፍ ነበር። ከኀዘን የተነሣ መስሎኝ ነበር። እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጣ አሳየችኝ፦ ፈርቼው ነበር። አብሮኝ የበላውን፣ አብሮኝ የሳቀውን ሰው ዕቃ ፈርቼው ነበር። ገበሬው ፍርሃታቸውን በአፋቸው ተናግረው ሄዱ፤ እኔ "ገዢ እናፈላልግለታለን" በሚል ቃል ሸፈንኩት።

ወደ ገነተ ማርያም የሄደች ቀን አልጋና ሳጥኗን መኪና ላይ ጫንኩላት። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ ያን ጥቅል ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በመስኮቱ እጄን ያዘችኝና፣ "ሥራህን ይባርክልህ" አለችኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ።