ሩዝ ውስጥ የኖረችው ካሜራዬ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የመኪናው መሪ እጅ የሚለበልብበት ወቅት እንደነበር ግን ትዝ ይለኛል። ትናንት የድሮ ካሜራዬን ከቆዳ ልባሷ ሳወጣት አንዲት የሩዝ ፍሬ ጭኔ ላይ ወደቀች፤ ነገሩ ሁሉ የመጣብኝ በእሷ ነው።

ዐረብ አገር፣ ባያን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ሹፌር ነበርኩ። ትምህርት ብዙም የለኝም፤ ብርሃን ግን ይገባኛል። ካሜራዋን አገሩ ከሚገባ ዘበኛ ነው የገዛኋት። የክፍሌ እርጥበት ሌንሷን ሊያሻግትብኝ ሲል፣ የቤቱ ወጥ ሠሪ፣ የወሎ ልጅ፣ "አምጣት፣ ሩዝ ውስጥ እቀብርልሃለሁ። ሩዝ እርጥበት ይጠጣል" አለችኝ።

"ማዳም ብታገኛትስ?"

"አብሽር! ማዳም ጆንያ ስትከፍት አይተህ ታውቃለህ?"

አርብ አርብ ይዣት ወጥቼ ሻርቅ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር የጀልባ ፎቶ አነሳለሁ። በሌላው ቀን በወጥ ቤቱ መስኮት የወጥ ሠሪዋን እጆች። ፊቷን አንድም ቀን አላነሳሁም፤ የሰው ቤት ነው፣ ነውር ነው። ሹፌሩ የቤቱን ሴቶች ፎቶ አነሳ ቢባል ሁለታችንም ተጠርዘን ወደ አገር ነበር።

አንድ ቀን ለማዳም ድንገት እንግዳ መጣባትና ሩዙን ራሷ ልትሰፍር እጇን ሰደደች። እጇ ካሜራዋን ይዞ ወጣ።

"የማን ነው?"

ወጥ ሠሪዋ ከድስቱ ቀና እንኳ ሳትል "የኔ ነው" አለች።

ማዳም አላመነችም። ፊልሙን ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ፎቶ ቤት ሰጠችው። ታጥቦ ሲያልቅ፣ ልታመጣው ስትሄድ ደግሞ የነዳኋት እኔው ነኝ፤ እስቲ አስቡት! ከኋላ ወንበር ወረቀቱ ሲገላበጥ ይሰማኛል። መድኃኒት መድኃኒት የሚለው የአዲስ ፎቶ ሽታ መኪናውን ሞላው። ጀልባ አየች። የተሰጣ ልብስ አየች። የቴምር ዛፍ ጥላ አየች። ከዚያ መገላበጡ ቆመ።

"ይህን የቃጠሎ ጠባሳ አውቀዋለሁ" አለች። "ግን ሁለቱም እጇ ሊጥ ውስጥ ነው። ታዲያ ማን አነሳት?"

በመስተዋቱ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"እኔ ነኝ፣ ማዳም። ካሜራውም የኔ ነው። እሷ ያጠፋችው የለም።"

"ፊቷስ የታለ?"

"አልተፈቀደልኝም።"

ፎቶዎቹን ሰብስባ ያዘች። ከዚያ "ኒካህ እሰርና ፊቷንም አንሳ። እስከዚያ ግን ከሩዜ ውጡልኝ!" ብላ ፎቶዎቹን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

ለወጥ ሠሪዋ ነገርኳት።

"አንተስ ምን አልካት?"

"እሺ አልኳት።"

"እኔን ሳትጠይቅ?" ብላ ዱቄቱን ፊቴ ላይ በተነችው። ሳቋ ግን ከዱቄቱ ቀድሞ ነው የደረሰኝ።

ያን ፊት ከዚያ ወዲህ ስንቴ አነሳሁት! ሙሽራ ሆና፣ ልጅ አቅፋ፣ በመጨረሻም ታማ ትራስ ተደግፋ። ስነዳ ውዬ፣ የልጅ ወጪ ሲያሳስበኝ፣ ካሜራዋን ልሸጣት ስነሳ የምትከለክለኝ እሷ ነበረች። "ተው አንተ ሰው፣ ይልቅ ውጣ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ" ትለኛለች።

ዛሬ እዚያው አገር፣ ኸይጣን የሚባል ሰፈር፣ ልጄ ጋ ተጠግቼ ነው የምኖረው። "አባ፣ ስልክህ ያነሳ የለ እንዴ?" ትለኛለች። ያነሳል። ግድግዳዬ ላይ ያለው ግን ያ ፊት የሌለው ፎቶ ነው። የሩዟንም ፍሬ መልሼ ልባሱ ውስጥ ከተትኳት።

ክፍሌ የገባ ሁሉ "የማን እጅ ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል።

የዘሀራ ነው እላለሁ።