የእህቴ ባል አፈር ጠላ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ... ግርማ ነው፣ የታናሽ እህቴ የድንቄ ባል።

«እትዬ አስቴር፣ ዛሬውኑ ጉደር ነይ! በቅሏል! ያለ አፈር በቅሏል!»

ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግኩት። ይሄ ሰውዬ ሲደሰት እንደ ሰርግ ቤት ማይክ ነው የሚጮኸው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ድንቄ ጉደር ላይ በጓሯ የቲማቲም ችግኝ አፍልታ ለመስኖ ገበሬዎች ትሸጣለች። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ነው። ግርማ ደግሞ... ግርማ ስልክ ያያል። ዋና ሥራው እሱ ነው።

ታዲያ በቅርቡ አንድ ቪዲዮ አየና «አፈር በሽታ ነው» ብሎ ተነሳ። በሰለጠነው ዓለም ችግኝ የሚፈላው ያለ አፈር ነው አሉ፤ በኮኮናት ቃጫ፣ በምናምን። እሺ፣ ጉደር ላይ ኮኮናት ከየት ይመጣል? እሱ መች ይጨንቀዋል! ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ ገና አሁን ከተወቃ አውድማ የጤፍ ገለባ በጆንያ አስግዞ፣ የወንዝ አሸዋ ጨምሮ በአካፋ ያማስለው ጀመር። እጅጌውን ሰብስቦ ሲያማስል ብታዩት የሆነ ትልቅ ሳይንቲስት ነው የምትሉት።

ድንቄ ከፍግ ጋር አብላልታ ያዘጋጀችውን ያንን የመሰለ ጥቁር አፈር ደግሞ «ጀርም ነው» ብሎ አውጥቶ በራቸው ላይ የጎደጎደውን መንገድ ሞላበት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መንገድ ሞላበት! አሁን ባጃጅ ይሄድበታል።

እህቴ ደግሞ ባሏን መቃወም አይሆንላትም። የሷ ነገር እንዲህ ነው፣ አትናገርም። ለዘንድሮ የያዘችውን ውድ ዘር በሙሉ አውጥታ ሰጠችው፤ እሱም በሳጥን ዘርቶ በላስቲክ ሸፈነው። ኦቦ ባይሳ የሚባሉ ደንበኛ አሏት፤ ማሳቸውን አርሰው፣ ቦያቸውን ጠርገው የሷን ችግኝ ይጠብቃሉ። የአካባቢው ገበሬ ደግሞ እሳቸው ከገዙበት ነው የሚገዛው። እሳቸው ከሄዱ ሁሉም ሄደ ማለት ነው።

እኔም ከአምቦ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ግርማ ኮት ለብሷል። ለችግኝ ኮት! ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቷል፣ ስልኩን አጥሩ ላይ አስሮ እየቀረጸ ነው። ኦቦ ባይሳም ችግኛቸው የት እንደደረሰ ሊያዩ መጥተው ቆመዋል።

«ክቡራትና ክቡራን...» አለና ላስቲኩን ከሳጥኖቹ ላይ ገፈፈው።

አልዋሽም፣ አረንጓዴ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ግን ቅጠሉ ቀጭን... ሹል... እንደ ፀጉር የሳሳ። ድንቄን አየኋት፤ ዓይኗን ከሳጥኑ ላይ አልነቀለችም።

ኦቦ ባይሳ ጎንበስ ብለው አንዷን ነቀሉና በጣታቸው አሸት አሸት አደረጓት።

«ኩን ጣፊ ሚቲ?» አሉ። ይሄ ጤፍ አይደለም እንዴ? ማለታቸው ነው በኦሮምኛ።

ግርማ ሳቀ። ደግሞ የሚያስቅ ነገር ያለ ይመስል! «ኦቦ ባይሳ፣ ቲማቲም ያለ አፈር ሲያድግ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው የሚመስለው» አላቸው።

አስቡት እንግዲህ... ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ ሲያርሱ ለኖሩ ሰው! እሱ ራሱስ ቢሆን የገበሬ ልጅ አይደለም? ጤፍ እያረመ ነው ያደገው እኮ!

ኦቦ ባይሳ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ «እና መቼ ነው የምታጭደው?» አሉት። ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ገለባው ውስጥ ዘር ይቀራል እኮ! ያ ቪዲዮህ ገለባውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፉት ምናምን አይልም?»

ወደ አጥሩ ሄዶ ስልኩን ማስተካከል ጀመረ።

«ግርማ!»

«ፓኬጄ እዛ ጋ አለቀብኝ» አለ ኮቱን እያስተካከለ።

ኤዲያ! ግማሽ ቪዲዮ አይቶ ነው የሰው ጓሮ ያራቆተው! የሰው አፈር ጥሎ፣ የሰው ዘር ጨርሶ... በግማሽ ቪዲዮ!

ከድንቄ ጋር ቁጢጥ ብለን ጤፉን መንቀል ጀመርን። ከሥሩ ቲማቲሟ አለች፤ ቢጫ፣ ምስኪን፣ አንገቷን የደፋች። ግን ሰጋቱራው ምኑን ይዞ ያስቀራታል? ጤፉን ስትስቡት እሷም አብራው ብድግ ትላለች። ሳጥን ቀየርን፣ ያው ነው። ሌላ ቀየርን፣ ያው ነው።

ኦቦ ባይሳ ጥቂት ቆመው አዩን። «ድንቄ፣ አይዞሽ» አሉ በመጨረሻ። «የውሃ ተራዬ ግን አይጠብቀኝም። ከሌላ መፈለጌ ነው።» ዱላቸውን አንስተው ወጡ። እንባዋ ሳጥኑ ውስጥ ጠብ ሲል አየሁት። ያቺ ክረምት ከበጋ ጎንበስ ብላ ቤት ያቆመች ልጅ!

ግርማስ? ግርማ ስልኩን ከአጥሩ ላይ ፈትቶ ጤፉን በቅርበት እየቀረጸ ነበር።

ማታ ለቀቀው። «በዓይነቱ የመጀመሪያው አፈር አልባ ጤፍ! ሚስጥሩን ላሳያችሁ!» ይላል፣ ያንኑ ኮት እንደለበሰ። ከሥሩ ሰዉ «ጀግና!» «አንተን የመሰለ አሥር ቢኖረን!» እያለ ይጽፋል። አንዱ ደግሞ «ወንድሜ፣ ሙሉ ስልጠናውን እንዴት እናግኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም። «ሙሉውን እሱም አላየውም» ብዬ ጻፍኩለት።

ግርማ ወዲያው ብሎክ አደረገኝ። ግን ከዚያ በፊት አንዲት ላይክ ደርሳኝ ነበር... የድንቄ።